በመሪጌታ ፊት ያጠረኝ ትንፋሽ

እስቲ ራሴን በማማት ልጀምር፤ ሰው ከሚቀድመኝ እኔው ብቀድም ይሻላል። ይህ ነገር ሲደርስብኝ ንፋስ መውጫ ከተማ የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ከማስተምረው ትምህርት ይልቅ የምታወቀው ግን በአፌ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ እኔ እጠራለሁ። የዕድሩን ድንኳን ማን ቀደደው በሚል ጎረቤት ሲካሰስ እኔ እጠራለሁ። ተማሪዎቼ «ማይኩ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። የማልሰማ እየመሰላቸው ሲጠሩኝ፣ እኔ ሰምቼ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱ የፀረ ትንባሆ ክበብ ሰብሳቢም እኔ ነበርኩ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ የጠቆረ ሳንባ የተሳለበትን ትልቅ ወረቀት ዘርግቼ እናገራለሁ። የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ሰውን ለማሳመን መጀመሪያ ታስፈራራዋለህ፤ ሲፈራ ታስለቅሰዋለህ፤ ሲያለቅስ ታስቀዋለህ፤ ከሳቀ በኋላ ያንተ ነው። በጠቆረው ሳንባ አስፈራራለሁ፤ አባቱን በሳል ባጣ ልጅ ታሪክ አስለቅሳለሁ፤ ሲጋራው ጫማው ውስጥ ወድቆ ካልሲውን ባቃጠለው ሰውዬ አስቃለሁ። አባቱን ያጣው ልጅ የራሴ ፈጠራ ነው። ካልሲው የተቃጠለው ሰውዬ ግን በእርግጥ ያለ ሰው ነው፤ እኔው ነኝ።

አዎ፣ አጨስ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ንግግሬን ስጨርስ የሳንባውን ሥዕል ጠቅልዬ ረጅም የካርቶን ቱቦ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ከዚያው ቱቦ ሥር ደግሞ ሲጋራዬና ክብሪቴ አሉ። ማን ጠርጥሮ ያንን ቱቦ ይፈትሻል? ጭብጨባው ሳይበርድ ቱቦዬን ታቅፌ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ እሄዳለሁ። አላፈርክም ወይ ካላችሁኝ፣ ማፈርስ አፍር ነበር። ግን ያ ሁሉ የማሳመን ችሎታ ለሌላ ሰው ብቻ የተሰጠኝ አልነበረም። «ጠላቱን በቅርብ የማያውቅ እንዴት ይዋጋዋል?» ብዬ ራሴን እጠይቅና በመልሱ ረክቼ ሁለተኛውን እለኩሳለሁ።

አንድ ወንድም አለኝ፤ ደሳለኝ ይባላል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እንጨት ሥራ ተምሮ፣ ንፋስ መውጫ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ከፍቶ፣ አንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ውባንቺ የምትባል ልጅ ወደደ። ልጅቱም ወደደችው። የቀረው አባቷ ነበሩ። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ይባላሉ፤ ቄስም መሪጌታም ናቸው። ቤተ ልሔም በተባለው ደብር የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ተምረው ያስመሰከሩ፣ ሰማዳ ውስጥ ከወገዳ ከተማ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ደብር የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሆነን የሄድነው ሦስት ነበርን። እኔ፣ አጎታችን ጋሼ አያሌው፣ እንዲሁም የአባታችን ወዳጅ የነበረው ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ። የኔታ ጥያቄያችንን ሰምተው እንዲህ አሉ፦ «ልጁን አስጠይቄያለሁ። ሠራተኛ ነው፤ ሥርዓትም አለው ብለውኛል። ነገር ግን ከዚያ ቤት ጢስ ይወጣል ይሉኛል። ትንባሆ ከሚጠጣበት ቤት ልጅ አልሰጥም። አጣሩና በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት ኑ።»

እንግዲህ ያን የጥበቃ ጊዜ አስቡት። ደሳለኝ አያጨስም፤ በሕይወቱ ነክቶት አያውቅም። በቤታችን ያለው ጢስ እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜ ከመሄዳችን በፊት ባለው ምሽት መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ሁለት ለምነኝ» አልኩት።

«ነገ እንዳታጨስ። ነገን ብቻ። ውባንቺን ካጣኋት ሌላ አላገባም።»

«በአባታችን አጽም!» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ደሳለኝ አምኖኝ ሄዶ ተኛ።

በማግሥቱ ማልደን በሚኒባስ በአርብ ገበያ በኩል ወገዳ ደረስን። ከዚያ በእግር ተነሣን። የዚያን ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ነበር፤ ስለዚህ ሰይድም ጿሚ፣ እኛም ጿሚ። ጋሼ አያሌው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በሰይድ ትከሻ እየተደገፉ ይሄዳሉ። እኔ ከኋላ ነኝ። ንግግሬን በልቤ እያጠናሁ ሳለ ምላሴ ደረቀ፤ እጄም ኪሴ ገባ። ለሰው ሁሉ መሐላ ያለውን ክብደት የማስረዳ ሰው፣ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ባየሁ ጊዜ «ሽንቴን ልሽና» ብዬ ወደኋላ ቀረሁ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል። እኔ ከቋጥኙ ጀርባ ተቀምጬ፣ ጢስ እህል አይደለም፣ ውኃም አይደለም፣ ጾም አይፈታም እያልኩ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ሁለት ፍሬ ጨረስኩ። ክርክሩን አሸነፍኩ።

ሽታውስ? ለእሱም ብልሃት ነበረኝ። የናና ጣዕም ያለው ማስቲካ ይዣለሁ። እሱን እያኘክሁ ሮጬ ደረስኩባቸው። ሰይድ ዞር ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

«አዱኛ፣ ዛሬም?»

«ምኑን?»

«ተወው» አለኝ። «አላህ ይርዳህ። እኔ አፌን አልከፍትም፤ አንተ ግን ስትከፍት ተጠንቀቅ።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የኔታ ግቢ ገባን። ማስቲካዬን ተፍቼ መንገድ ዳር ቀብሬአለሁ። የኔታ ከቤታቸው ደጅ፣ ዋርካ ሥር ካለው የአፈር መደብ ተነሥተው ተቀበሉን። ሰውነታቸው ደቃቃ ነው፤ ጢማቸው ነጭ፤ ሰባ ዓመት ካለፋቸው ቆይቷል። መስቀላቸውን አውጥተው ጋሼ አያሌውን አሳለሙ። ለሰይድ እጃቸውን ሰጥተው ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። መስቀሉ ግንባሬን ነካ፤ ከንፈሬን ነካ። ከንፈሬ ላይ ትንሽ የቆየ መሰለኝ። ልዩ አክብሮት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

«ተቀመጡ» አሉ።

ሽማግሌ ደግሞ በወጉ ወዲያው አይቀመጥም። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «የለም የኔታ፣ እሺታዎን ሳናገኝ አንቀመጥም!» አልኩ። በዚህ ጊዜ ባለቤት ይለምናል፣ ሽማግሌ እምቢ ይላል፣ ባለቤት ይለሳለሳል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

«ደግ» አሉ የኔታ። «እንግዲያው ቁሙ።» ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ አያሌው ጉልበታቸውን ይዘው በዓይናቸው ገረመሙኝ። ሆኖም ቃል ቃል ነው፤ ቆምን።

«እኮ፣ ያን ነገር አጣራችሁ?» አሉ የኔታ።

ይህን ነበር ስጠብቅ የነበረው። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። የወንድሜን ጠባይ አነሣሁ፤ የአባታችንን ስም አነሣሁ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ትንባሆ ዘለልኩ። አጥፊነቱን አስረዳሁ። ሳንባን እንዴት እንደሚያጠቁር፣ የደም ሥርን እንዴት እንደሚያጠብ፣ ልብን እንዴት እንደሚያደክም፣ ያላጨሱት የቤት ልጆች ሳይቀሩ ጢሱን እየማጉ እንዴት እንደሚታመሙ ተናገርኩ። ያን አባት ያጣ ልጅም አመጣሁት፤ እንዲያውም ለሰማዳ ይመች ብዬ የእረኛ ልጅ አደረግሁት። በመጨረሻም፣ «እንዲህ ያለውን ክፉ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስዋጋ የኖርኩ እኔ ባለሁበት ቤት ጢስ ከየት ይመጣል?» አልኩ።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። መቋሚያቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ግሩም ነው» አሉ። «ይኸስ ለእኔ ብቻ ሊነገር አይገባም። ተማሪዎቹ ይስሙት።»

ከጎጆዎቹ ተማሪዎች ተጠሩ፤ ወደ ሃያ ይሆናሉ፤ መሬት ላይ ተቀመጡ። «በል ድገመው» አሉኝ። እኔስ ሰው ሲበዛ ነው የሚደላኝ። ደገምኩት፤ ካልሲውን ጨምሬ። ሳቁ። የኔታ አልሳቁም፤ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አስተዋልኩ፤ መሐል ላይ ትንፋሽ ለመሳብ በቆምኩ ቁጥር የመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ጠቅ ያደርጋል። ያዳመቁልኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው እንዳለቀ የሰበካው ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ መጡ። «እነዚህም አልሰሙም» አሉ የኔታ። «በል ልጄ።»

ሦስተኛው ግን ደስታ አልነበረውም። ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል። ጋሼ አያሌው አንዱን እግራቸውን አንሥተው በሌላው ቆመዋል፤ ሰይድ ብብታቸው ሥር ገብቶ ደግፏቸዋል። እኔ ደግሞ ሱሴ መጥቶብኛል። ስለ ትንባሆ ክፋት በተናገርኩ ቁጥር ያው ትንባሆ ይናፍቀኛል። «ሲጋራ ባሪያ ያደርጋል» ባልኩበት ቅጽበት አንድ ፍሬ ሲጋራ ቢሰጡኝ ሰማዳን በሙሉ እሰጣለሁ። ከዚያ ሳሉ መጣ። ደረቅ፣ ረጅም፣ የማያልቅ ሳል። ያ የፈጠርኩት ልጅ አባቱን ሲቀብር እኔ ሳሌን መያዝ አቅቶኝ ወገቤን ይዤ ቆምኩ።

ጋሼ አያሌው ሊረዱኝ ብለው፣ «እንግዲህ የኔታ፣ ልጁ ሦስት ጊዜ ተናግሯል። ምን ይሉናል?» አሉ።

«ነገሩ ሁሉ ልክ ነው» አሉ የኔታ። «አንድም የተሳሳተ የለበትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በልጅነትህ ፊደል የቆጠርከው የት ነው?»

«ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ የኔታ። ሁለት ዓመት።»

«ሃሌ ሉያ ታውቃለህ እንግዲያ። መቋሚያዬ ከተነሣ ጀምረህ እስኪወርድ በአንድ ትንፋሽ ያዝልኝ። ዜማው ቢበላሽም ግድ የለም።»

ምን እንዳሰቡ አልገባኝም። ፈተና ሲሉኝ ግን አልወድቅም፤ ልማዴ ነው። መቋሚያው ተነሣ፤ «ሃሌ…» ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተጣበበ። መቋሚያው ገና እላይ ነው። ዓይኔ ፈጠጠ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ «ሉ» ላይ ሳልደርስ በሳል ተቆረጠ። ተማሪዎቹ እየሳቁ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

የኔታ መቋሚያውን ለአንዱ ተማሪ ሰጡት፤ እሱ አነሣው። ከዚያ ተቀምጠው እንዳሉ፣ ሳይጨነቁ፣ አንገታቸው ሳይገታተር ጀመሩ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ግን አይቆረጥም። ወጣ፣ ወረደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። እኔ እያዳመጥኩ ሳላውቀው ትንፋሼን ያዝኩ፤ ለመስማት የያዝኩት ትንፋሽ እንኳ ከእሳቸው ቀድሞ አለቀብኝ። መቋሚያው ወረደ። የኔታም ጨረሱ።

«መስቀል ስትሳለም» አሉኝ በቀስታ፣ «ከአፍህ የናና ሽታ አገኘሁ። በዐቢይ ጾም ከረፋዱ አራት ሰዓት አፉን በጣፋጭ የሚያጥብ ክርስቲያን ምን ሊሸፍን ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ከሥሩ ደግሞ ያው የትንባሆ ሽታ ነበር። አፍንጫዬን ብቻ አላምን ብዬ፣ በጆሮዬም ላጣራ ሦስት ጊዜ አናገርኩህ። የድጓ መምህር ነኝ፤ ሥራዬ ሰው የት ላይ እንደሚተነፍስ መስማት ነው። አንተ ሁለት ቃል ተናግረህ ትተነፍሳለህ።»

እንግዲህ ያ ተንኮለኛ ብልሃቴ፣ ሲጋራውን የሸፈንኩበት ማስቲካ፣ እሱ ነው ያሳበቀብኝ። ሽታውን ብተወው ኖሮ የመንገድ ላብ ነው ብለው ያልፉት ይሆናል። በጾም ቀን ናና የሚሸት አፍ ግን አዋጅ ነጋሪ ነው። ፊቴ ጋለ። ሰይድ መሬቱን ያያል። ጋሼ አያሌው ጉልበታቸውን ረስተው በሁለት እግራቸው ቆመዋል።

«ቤተ ልሔም ሳለን» አሉ የኔታ፣ «በድምፁ እኛን ሁላችንን የሚበልጥ ጓደኛ ነበረኝ። በስውር ትንባሆ ይጠጣ ነበር። እናውቃለን፤ ግን ዝም አልነው፤ ድምፁን ስለምንወደው። ድጓውን ሳያስመሰክር ትንፋሹ አለቀ። የቀበርነው እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነን። ይኸ ነው ታሪኩ፤ ማስለቀሻ የለበትም።»

ከሦስቱ ንግግሮቼ አንዱም ያላደረገውን ይህች አጭር ወሬ አደረገች። ሆዴ ባባ። የሚባባ ሆድ ግን አፍን አይዘጋም፤ እንደገና ጠበቃ ሆንኩ።

«የኔታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የወንድሜ ትዳር እንዴት በእኔ ሳንባ ይፈረዳል? እሱ አያጨስም!»

«አውቃለሁ፤ አስጠይቄያለሁ አላልኩም? ነገር ግን ልጄ ነገ ቢከፋት፣ ቢበድላት፣ የምትመጣው ወደ አንተ ነው። የቤቱ ታላቅ አንተ ነህ፤ ዋሱም አንተ ነህ። ዋስ ዋሽቶ ከጀመረ እኔ ማንን ልያዝ?» ተነሡና ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ የቅዳሴ ሰዓት ደርሷል። «ከዳግማ ትንሣኤ ማግሥት ኑ። ያን ሃሌ ሉያ በአንድ ትንፋሽ ትይዛለህ። ያን ጊዜ መልስ እሰጣለሁ።»

ሳንቀመጥ ወጣን። ወገዳ ደርሰን ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ጋሼ አያሌው፣ «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» አሉ፤ ወደ መስኮቱም ዞሩ።

ደሳለኝ በር ላይ እየጠበቀን ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ቋጥኙንም፣ ማስቲካውንም። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ አልጮኸም። «በአባታችን አጽም ብለኸኝ ነበር» አለና ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ። መጋዝ ሲስብ ከሩቅ ሰማሁት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የነበሩትን ሳምንታት ለመግለጽ ማይኩም ቃል ያጥረዋል። ቱቦውን ከነሲጋራው ለደሳለኝ ሰጠሁት፤ ምድጃ ውስጥ ከተተው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ የለም፣ ሰው መጥላት ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እርሳሱን አፉ ውስጥ ከቶ ባየሁት ጊዜ ቀንቼበት ቀማሁት። ማልጄ ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ወጥቼ ሃሌ ሉያ እለማመዳለሁ። በዚያ በኩል ከብት የሚያሰማራው ሰውዬ መምህሩ አብደዋል ብሎ አወራ። ደሳለኝ በየማታው እየመጣ፣ «ያዝ» ይለኝና ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። ትንፋሼ ተቆርጦ ስሰብር ተነሥቶ ይሄዳል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚሉት ይህንን ነው።

ዳግማ ትንሣኤ አለፈ። ያው ሦስታችን ያው ግቢ ገባን። መስቀል ተሳለምኩ፤ በዚህ ጊዜ አፌ የሰው አፍ ብቻ ነው የሚሸተው። «ተቀመጡ» አሉን። ጋሼ አያሌው ሊቀመጡ ወገባቸውን ሲያጥፉ ሰይድ ያዛቸው፤ ቆምን።

መቋሚያው ተነሣ። ጀመርኩ። ካለፈው በላይ ሄድኩ፤ በጣም በላይ። «ሉ»ን አለፍኩ። የወንድሜ ጣቶች ሲታጠፉ በልቤ ይታዩኛል። መቋሚያው መውረድ ሲጀምር አየሁት፤ ግማሽ መንገድ ደርሷል። እዚያ ላይ ደረቴ ባዶ ሆነ። አልሳልኩም፤ ብቻ ድምፁ አለቀ። መቋሚያው ያለ እኔ ወረደ።

ጋሼ አያሌው ፈጠን ብለው፣ «ጉንፋን ነው፣ የኔታ! የመንገዱ አቧራ ነው! ትናንት ቢሰሙት ኖሮ…» አሉ።

የኔታ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። «ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጠጣህ?»

መልሱ በአፌ ጫፍ ነበር። አንድም! ጉንፋን ነው! እንዲህ ያለውን ውሸት በዕንባ አጅቤ፣ በሳቅ ጨርሼ ማሳመን ለእኔ ውኃ መጠጣት ነው። ምናልባትም ያምኑኝ ነበር። ነገር ግን መጋዙ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል።

«ሁለት» አልኩ። «አንዱን በሆሳዕና ዋዜማ። አንዱን ባለፈው ሳምንት፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ። ወንድሜ አያውቅም። ጉንፋን የለብኝም።»

ጋሼ አያሌው «ወይኔ!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሰይድ «ላኢላሃ ኢለላህ» አለ በሹክሹክታ። እኔም ወንድሜን በገዛ አፌ ቀበርኩት ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ባለፈው ሦስት ጊዜ ስትናገር» አሉ የኔታ፣ «ስለ ትንባሆ ሁሉን ነገርከኝ፤ አንተ ግን አልነበርክበትም። ዛሬ ገና አገኘሁህ። ልጄን ለሳንባህ አልሰጥም፤ ሲወድቅ ወደቅሁ ለሚል ዋስ እንጅ።» እጃቸውን ወደ መደቡ ዘረጉ። «በሉ አሁን ተቀመጡ።»

ጋሼ አያሌው አልተቀመጡም፤ ወደቁ ማለት ይቀላል። ሰይድ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኑን በእጁ ጠረገ። እኔ በሰው ፊት ሳላፍር ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ማንም አላስለቀሰኝም፤ ዘዴም አልነበረውም።

ሠርጉ በዚያው ሰሞን ሆነ። ውባንቺ ዛሬም ስታየኝ፣ «ትንፋሽህን ስጠኝ» ብላ አፌን ታሸታለች፤ የመድኃኒት ቤት ሰው ናትና አልቀየማትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አላጨስኩም። ሁለት ጊዜ በልቤ አጭሻለሁ፤ እሱንም ለደሳለኝ ነግሬዋለሁ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ እኔ የማሳመን ጥበብ የንግግር ጥበብ ይመስለኝ ነበር። ለዓመታት ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ስጮኽ ስንት ተማሪ ሲጋራ እንዳስጣልኩ አላውቅም። ከጭብጨባው በኋላ እኔን ተከትለው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ የሚመጡ ሁለት ልጆች ግን እንደ ነበሩ በኋላ ሰማሁ። መምህሩ ምን ያህል እንደሚያምርበት ሊያዩ ነበር የሚመጡት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። አሁን ሰኞ ጠዋት ሥዕል አልዘረጋም። «አ» በሉና ያዙ እላቸዋለሁ፤ እኔም አብሬያቸው እይዛለሁ፤ ቀድሜም እሰብራለሁ። ከዚያ ለምን እንደምሰብር እነግራቸዋለሁ፤ ማስቲካውንም ጨምሬ። ንግግሬ ስላጠረ ማይኩ ተበላሽቷል ይላሉ አሉ። እናንተም በየቤታችሁ አንድ ቱቦ ካለ ሥሩን ሌላ ሰው ሳይፈትሸው ራሳችሁ እዩት።

የኔታ ስልክ አላቸው። በየበዓሉ ማግሥት ይደውላሉ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ያዝ እስቲ» ይሉኛል፤ እሳቸውም በዚያኛው ጫፍ አብረው ይይዛሉ። ዓመት ሙሉ ቀድሜ ስሰብር ኖርኩ። ባለፈው ጊዜ ግን የእሳቸው ድምፅ መሐል ላይ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። አርጅተዋል። ሊሰብሩ መሆኑን ሳውቅ ከእሳቸው በፊት ሆን ብዬ አቋረጥኩ።

እሳቸውም አቆሙ።

«አዱኛ፣ ጀመርክ እንዴ?»

ጉድ ፈላ። አልጀመርኩም ብል ለምን ሰበርክ ሊሉኝ ነው።

«አልጀመርኩም፣ የኔታ። እንዳልበልጥዎት ነው።»

ሳቃቸውን ሰማሁት፤ አጭር ነበር፤ በመሐሉ አንዴ ተነፈሱ።

«በትንፋሽህም አትዋሸኝ። በል ድገመው። እኔ እሰማለሁ፤ እስከ መጨረሻው ያዝ።»

ያዝኩ። ከስልኩ ወዲያ ምንም ድምፅ የለም፤ የመቋሚያው ጫፍ መሬት ሲነካ ብቻ ተሰማኝ። ያን ጊዜም ገና አልጨረስኩም ነበር።